ከፍ ያለው ቁጥር ጥያቄ እንጂ መልስ አይደለም

ስለ ሕፃናት ደም ሲወሳ በአገራችን አስቀድሞ የሚታሰበው የደም ማነስ ነው። የቀይ የደም ሴሎች ከመጠን በላይ መብዛትም ጤና አለመሆኑ ግን እምብዛም አይነገርም። ደም ሲወፍር ፍሰቱ ይዘገያል፤ የመርጋት አደጋም ሊከተል ይችላል።

የሰውነት ፈሳሽ መጉደል፣ አብሮ የተወለደ የልብ ሕመም፣ የሳንባ በሽታና የከፍታ ቦታ ኑሮ የታወቁ ምክንያቶች ናቸው። እነዚህ ሁሉ ተመርምረው መልስ ካልተገኘስ? በሩሲያ፣ በቮልጋ ወንዝ አካባቢ የሚኖረው የቹቫሽ ሕዝብ ታሪክ እዚህ ላይ ትምህርት ይሰጠናል። በዚያ ከልጅነት የሚጀምር፣ በዘር የሚተላለፍ የቀይ ደም ሴል መብዛት አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 ምንጩ ታወቀ፤ ይኸውም ከእናትም ከአባትም የሚወረስ፣ ቪ.ኤች.ኤል. በተባለው ጂን ላይ የሚገኝ የአንዲት ፊደል ለውጥ ነው።

ጤናማው የቪ.ኤች.ኤል. ፕሮቲን፣ ኦክስጅን በበቂ መጠን ሲኖር፣ የኦክስጅን እጥረትን የሚያውጀውን ሂፍ የተባለ ፕሮቲን ያስወግዳል። ቪ.ኤች.ኤል. ሲዳከም አዋጁ አይቆምም፤ ኤሪትሮፖየቲን የተባለው ሆርሞን ከኩላሊት ይመነጫል፤ መቅኔም ሴሎችን ያለ ልክ ያመርታል። ሕፃኑ በሜዳ እየኖረ ሰውነቱ በተራራ ጫፍ ላይ ያለ ይመስለዋል።

«ብዙ ሕመም ባለበት አገር ስለ ብርቅዬ በሽታ መጨነቅ ቅንጦት ነው» የሚሉ አሉ። በእኔ አስተያየት ይህ ስሕተት ነው። አንደኛ፣ ምክንያቱ ሕክምናውን ይወስናል፤ በቹቫሽ ሕሙማን ላይ ደም በመቅዳት ቁጥሩን መቀነስ ብቻውን የደም መርጋትን እንደሚከላከል አልተረጋገጠም። ሁለተኛ፣ ብርቅዬው በሽታ የጤናማውን ሰውነት አሠራር ይገልጣል፤ ሴሎች ኦክስጅንን እንዴት እንደሚለኩ ያሳዩት ሦስት ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2019 የኖቤል ሽልማት ሲቀበሉ፣ ቪ.ኤች.ኤል. የግኝታቸው ዋና አካል ነበር።

ጉዳዩ ለእኛም ቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት፣ 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ የሰሜን ኢትዮጵያ ደገኞች የሄሞግሎቢን መጠን በባሕር ጠለል ከሚኖሩ ሰዎች ጋር ተቀራራቢ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ የደጋ ልጅ ደም በዝቶ ሲገኝ «ከፍታው ነው» ብሎ መዝገቡን መዝጋት አይገባም። የነገ ሐኪሞችና ተመራማሪዎች ሆይ፣ ቁጥሩን ከማንበባችሁ ጋር «ለምን?» ማለትን ልማድ አድርጉ።