የጀልዴሳ መንገድ የማን ነው?

በድሬዳዋ አቅራቢያ ባለችው በጀልዴሳ ዙሪያ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት ጥያቄ ይገጥመዋል። አንደኛው «ከየት መጣህ?» ነው። ሁለተኛው «በዚህ በኩል እንድትሄድ ማን ፈቀደልህ?» የሚል ነው። የመጀመሪያው ሰላምታ ነው፤ ሻይም ያስከትላል። ሁለተኛውን ግን የሚመልስ የለም፤ መንገዱን የፈቀደም የከለከለም አካል የለማ።

በተራራና በገጠር ብስክሌት መንዳት በተለመደባቸው አገሮች ይህ ጥያቄ የቆየ ክርክር ነው። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው ሕግ ለፈረስ በተፈቀዱ መንገዶች ላይ ብስክሌትም እንዲያልፍ ፈቀደ፤ በዚያው ልክ ብስክሌተኛው ለእግረኛና ለፈረሰኛ ቅድሚያ እንዲሰጥ አስገደደ። ለእግረኛ ብቻ በተተወ መንገድ ላይ ግን ብስክሌተኛው መብት የለውም። ስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣችው ሕግ ከዚህ ሰፋ አድርጋ፣ ሰው ኃላፊነቱን እስከተወጣ ድረስ በአብዛኛው መሬት ላይ በእግርም በብስክሌትም መዘዋወር እንዲችል ፈቅዳለች። የእንግሊዙ አሠራር የቆመው እያንዳንዱ መንገድ በመንግሥት ካርታ ላይ ተለይቶ ስለተመዘገበ ነው። የእኛ የገጠር መንገድ ማስረጃ ግን መሬቱ ላይ የቀረው የእግርና የኮቴ ዱካ ነው። «በካርታ ላይ የሌለ መንገድ ሕገወጥ ነው» ብንል የጀልዴሳ እረኛ በሙሉ ሕገወጥ ሊሆን ነው።

ጀልዴሳ ደግሞ ትናንት የተቆረቆረች መንደር አይደለችም። ከዘይላ ወደብ ተነስቶ ወደ ሐረር የሚወጣው የሲራራ ንግድ መናኸሪያ ነበረች። በቆላው በረሃ ዕቃ የተሸከመው ግመል እዚህ ሲደርስ ጭነቱን ያራግፋል፤ ዳገቱን የሚወጡት በቅሎና አህያ ናቸው። ግብፆች እ.ኤ.አ. በ1875 ሐረርን ሲይዙ፣ ከዚያም ዳግማዊ ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. ሐረርን ሲያስገብሩ፣ ጀልዴሳን የያዘ የወደቡን በር እንደያዘ ይቆጠር ነበር። ገጣሚው አርተር ራምቦ በ1883 ዓ.ም. እግሩ ታሞ በ16 ሸካሞች ቃሬዛ ላይ ከሐረር ወደ ዘይላ ሲወርድ በዚሁ መንገድ አልፏል። በ1884 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ማርሴይ ውስጥ ሞተ።

ያ ሁሉ ጭነት ያለ ሕግ አላለፈም። ነጋዴው በሶማሌ ምድር ለማለፍ አባን መያዝ ነበረበት። አባኑ የአካባቢው ጎሳ ሰው ነው፤ ክፍያ ይቀበላል፣ መንገዱን ይመራል፣ ለእንግዳው ደኅንነት በጎሳው ፊት ተጠያቂ ይሆናል። አባን የሌለው መንገደኛ ሰርጎ ገብ ነበር። እንግዲህ በዚህ ምድር «ማን ፈቀደልህ?» የሚለው ጥያቄ ዕድሜው ረጅም ነው፤ መልሱም ከሰው እንጂ ከወረቀት አልነበረም። የኢሳ ሶማሌዎች የቃል ሕግ፣ ሔር ኢሴ፣ በ2017 ዓ.ም. በኢትዮጵያ፣ በጅቡቲና በሶማሊያ ስም በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ብዙዎቻችን ደስ ብሎን አጨብጭበናል። ቅርሱን ከልብ የምናከብር ከሆነ ሕጉ የኖረበትን መንገድ ከማን ጋር ተነጋግረን እንደምንረግጥ ማሰብ አለብን።

በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ከጅቡቲ ደረሰ። ሐዲዱ ዳገቱን ወጥቶ ሐረር መግባት ስላልቻለ ከተራራው ግርጌ ቆመ፤ ድሬዳዋ ተወለደች፣ ጀልዴሳም ከነጋዴው ዓይን ወደቀች። ከመንግሥት ካርታ የወጣው መንገድ ግን ከእረኛው እግር አልወጣም። ግመሉ፣ ፍየሉ፣ ውኃ የምትቀዳው ሴት፣ ወደ ድሬዳዋ ገበያ ወተት የምታወርደው እናት ዛሬም ይሄዱበታል።

በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡር ሲመጣ ያየነው ካርታ ላይ የሌለ መንገድ ምን እንደሚደርስበት ነው። ሐዲዱ ከመኖ ወደ ውኃ የሚወስዱ የቆዩ መንገዶችን ቆርጦ አለፈ፤ በባቡር የሚገጩ ግመሎችና ከብቶች ጉዳይም የካሳ ንትርክ ሆኖ ቆየ። መንገዱ አስቀድሞ ተመዝግቦ ቢሆን መሻገሪያው የት መሆን እንዳለበት ለማወቅ አንድ ግመል እንኳ መሞት አልነበረበትም።

ሕጋችን ስለዚህ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መውጫ የሌለው መሬት ያለው ሰው በጎረቤቱ መሬት ላይ መተላለፊያ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ይህ ግን የባለይዞታ መብት ነው፤ አላፊ አግዳሚውን አይመለከትም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 አርብቶ አደሩ የግጦሽ መሬት በነፃ የማግኘትና ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት ሰጥቶታል። ወደ ግጦሹ የሚያደርሰው መንገድ ሲዘጋ ይህ መብት ምን ይረባዋል? ለእኔ የጉዳዩ እምብርት ይህ ነው። የብስክሌተኛው ጥያቄ ከእረኛው ጥያቄ ተነጥሎ መልስ አያገኝም፤ ማግኘትም የለበትም።

ስለዚህ በእኛ አገር ሕጋዊና ሕገወጥ ብሎ መንገድ ለመለየት ሌላ መስፈርት ያስፈልጋል ባይ ነኝ። ሰውና ከብት ሲሄዱበት የኖሩት መንገድ የሕዝብ መንገድ ነው፤ ብስክሌተኛውም ከሁሉም ኋላ ቆሞ ቅድሚያ እየሰጠ ሊያልፍበት ይገባል። ብስክሌተኛው ለራሱ ደስታ አዲስ የሚቀደው መስመር ግን መዘጋት አለበት። በዚህ ላይ ጓደኞቼ ቢቆጡኝም አልለሳለስም። በድሬዳዋ ዙሪያ ያሉ ኮረብታዎች ላይ ያለው እርከን የተሠራው በገበሬ ጉልበት ነው፤ ድንጋዩ አንድ በአንድ ተለቅሞ፣ ብዙውም በሴፍቲኔት ሥራ። ጎማ በተደጋጋሚ ሲያልፍበት መጀመሪያ ከላይ ያሉት ትንንሽ ድንጋዮች ይንሸራተታሉ። ቀጥሎ በጎማው ልክ ጠባብ ቦይ ይወጣል። ዝናብ ሲመጣ ውኃው በየእርከኑ መርጋቱን ትቶ በዚያች ቦይ ይሰበሰብና ቁልቁል ይሮጣል፤ ቦዩ ቦረቦር ይሆናል። አንድ ሰው ያገኘውን አቋራጭ ስትራቫ በተባለው የስልክ መተግበሪያ ላይ ሲጭነው ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ሌሎች ይከተሉታል። ከከብት ንክኪ ነፃ ተደርጎ እንዲያገግም የተተወ መሬትም እንዲሁ ነው፤ ባለቤቱ ፍየሉን ከልክሎ እኛን የሚያሳልፍበት ምንም ምክንያት የለም።

የቆላው ጎርፍ ምን እንደሚያደርግ ለድሬዳዋ ሰው መንገር አያስፈልግም። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ደረቅ የወንዝ አሸዋ ላይ መንዳት ደስ ይላል፤ ነገር ግን ሰማዩ እዚህ ጠርቶ ጎርፉ ከደጋው ሊመጣ ይችላል። ወንዙ ውስጥ ከመግባቴ በፊት ያገኘሁትን ሽማግሌ «አደር (አጎቴ)፣ ላይ ዘንቧል እንዴ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ካርታም ስልክም የማያውቁትን ያውቃሉ።

ግመል ሲመጣም ሥርዓት አለ። ግመል ድምፅ ሳያሰማ ከኋላው የሚደርስበትን ነገር አይወድም። ከብስክሌቱ መውረድ፣ ብስክሌቱን መሬት ላይ ማስተኛት፣ ከመንገዱ ራቅ ብሎ መቆም፣ የመጨረሻው ግመል እስኪያልፍ አለመንቀሳቀስ ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው «ማን ፈቀደልህ?» አይባልም፤ ሲባልም አላየሁም።

ሌላው ችግር ኬላ ነው። ከዋናው መንገድ ወጣ ያለ ዱካ ሁሉ በኮንትሮባንድ ይጠረጠራል፤ ጥርጣሬውም ከሜዳ የመጣ አይደለም። ቦርሳ ያዘለ ብስክሌተኛ በቁጥቋጦ ውስጥ ብቅ ሲል ፖሊስ ቢያስቆመው አልፈርድበትም። የሕዝብ መንገዱ የትኛው እንደሆነ ቢታወቅ ግን ፖሊሱም መንገደኛውም ያርፉ ነበር።

አዲስ አበባ እንጦጦ ላይ የሆነውን ደግሞ አንርሳ። ፓርኩ በ2013 ዓ.ም. ሲከፈት ለጎብኚ የተዘጋጀ፣ ያማረ መንገድ ተገኘ፤ በዚያ ተራራ ላይ ዱካውን ያወጡት ግን እንጨት ተሸካሚ እናቶችና የሩጫ ልጆቻችን ናቸው። ጀልዴሳ አጥርና ትኬት ቤት አያስፈልጋትም። የሚያስፈልጋት ምዝገባ ነው። ሥራው ከባድ አይደለም፦ ከየቀበሌው ሁለት ሽማግሌ፣ ከብት ውኃ የምታጠጣ አንዲት ሴት፣ ከአስተዳደሩ አንድ የመሬት ባለሙያና አንድ ጂፒኤስ ይበቃሉ። የቆዩትን መንገዶች በእግር እየሄዱ፣ ስማቸውን እየጠየቁ፣ የግለሰብ ማሳ በሚሰፍርበት በዚያው ካርታ ላይ ማስፈር ነው። የከብት መንገድ፣ የውኃ መንገድ፣ ብስክሌት የሚያልፍበትና የማያልፍበት ተብሎ ይለይ፤ አይግቡ የሚሉን ቦታ ካለም ይጻፍ። አስተዳደሩ ይህን ለመጀመር ከወሰነ፣ መሣሪያውን ይዘን ከሽማግሌዎቹ ጋር በእግራችን የምንሄድ ብስክሌተኞች አለን፤ ቀኑን ብቻ ይንገሩን።