ደብዳቤውና አንባቢው፦ የቃኘው ዘማቾች ወረቀቶች በዲጂታል ቤተ መዛግብት

የጦርነት ዘመን ደብዳቤዎችንና በየቤቱ የተቀመጡ መታሰቢያዎችን በዲጂታል መንገድ ጠብቆ የማቆየት ሐሳብ በተነሣ ቁጥር ውይይቱ ፈጥኖ ወደ መሣሪያ ያዘነብላል። ስካነሩ ምን ዓይነት ይሁን፣ ምስሉ በየትኛው ቅርጽ ይቀመጥ፣ ማከማቻው ምን ያህል ይያዝ የሚሉት ጥያቄዎች ይቀድማሉ። ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ መልሳቸውም ከሞላ ጎደል የታወቀ ነው። ጊዜ የማይሰጠው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ደብዳቤው ቤት ሲደርስ ማን አነበበው? ለማን ተነበበ? አንባቢው አይቶ እንዳላየ ያለፈው መስመር የትኛው ነበር? ይህን የሚያውቅ ሰው በሕይወት ሳለ ካልተጠየቀ፣ ወረቀቱ ምንም ያህል ጠርቶ ቢነሣ ግማሹ እንደ ጠፋ ይቆጠራል።

ለዚህ ሙግት የቃኘው ሻለቃ ጉዳይ ከሌሎች ይልቅ ግልጽ ምሳሌ ይሆናል። ከክቡር ዘበኛ የተውጣጣው የመጀመሪያው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ዘምቶ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰለፈ። በየተራ ከዘመቱት ከ6 ሺህ የማያንሱ ወታደሮች መካከል ከ120 የሚበልጡት በጦር ሜዳ ወደቁ። የዘመቻው ታሪክ ወታደራዊ ገጽታ በሚገባ ተጽፏል፤ አዲስ አበባ አፍንጮ በር አካባቢ ሐውልት ቆሞለታል፤ በደቡብ ኮሪያዋ ቹንቾን ከተማም በ1999 ዓ.ም. የመታሰቢያ አዳራሽ ተከፍቶለታል። ዘማቾቹ ለእናታቸው፣ ለሚስታቸውና ለወንድማቸው የላኩት ወረቀት ግን እስከ ዛሬ በየቤቱ ሣጥን፣ በዳዊት ቅጠል መካከልና በፎቶግራፍ ክፈፍ ጀርባ ተቀምጧል። የትኛው ቤት ምን እንዳለው የሚያሳይ ዝርዝር የለም።

በዚያ ዘመን በብዙ ቤት ደብዳቤ ለብቻ ተቀምጦ የሚነበብ ነገር አልነበረም። ፊደል ያልቆጠረ ወታደር ጓዱን እየለመነ ያስጽፋል፤ ፊደል ያልቆጠረች እናት ደግሞ የሰፈሩን ቄስ ወይም ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ጠርታ ታስነብባለች። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ ያለው እጅ የላኪው ላይሆን ይችላል፤ የተሰማው ቃልም የተጻፈው ላይሆን ይችላል። ጸሐፊው ከራሱ የጨመረው ማሳመሪያ ይኖራል። አንባቢውም እናቲቱን ላለማስደንገጥ «ትንሽ ቆስዬ ነበር» የሚለውን ዘሎ ወደ ሰላምታው ይሄዳል። የእጅ ጽሕፈቱን ተመልክቶ ስለ ላኪው የትምህርት ደረጃ ወይም የአእምሮ ሁኔታ ድምዳሜ የሚሰጥ ተመራማሪ፣ ጸሐፊው ማን እንደ ነበር ካልጠየቀ፣ ስለ ሌላ ሰው እየጻፈ ሊሆን ይችላል።

የሰላምታው ክፍልም እንዲሁ ነው። የደብዳቤውን ግማሽ የሚይዘውን «ለእገሌ፣ ለእገሊት፣ ለጎረቤቶቻችን ሁሉ» የሚለውን ረጅም የስም ተርታ ብዙ አጥኚ እንደ ልማድ ቆጥሮ ይዘለዋል፤ አንዳንዴም ቦታ ለመቆጠብ በሦስት ነጥብ ያልፈዋል። ከሁሉ የሚያሳዝነው ቁርጠት ይህ ነው። የስም ተርታው የቤተሰቡ፣ የዕድሩና የጉርብትናው ካርታ ነው፤ ማን ከማን እንደሚቀድም፣ ማን ከአንዱ ደብዳቤ ወደ ሌላው ሲሻገር ከዝርዝሩ እንደ ወጣ ያሳያል። አንድ ስም የቀረው ሰውየው ስለ ሞተ ነው፣ ወይስ ስለ ተጣሉ? ይህን ወረቀቱ አይናገርም፤ ቤተሰቡ ግን ያውቃል።

እዚህ ላይ አንድ ቀላል ስሌት ማሰብ ይገባል። በ1943 ዓ.ም. ሃያ ዓመት የሞላው ዘማች ዛሬ በሕይወት ካለ ከዘጠና ዓመት በላይ ነው። ለመገናኛ ብዙኃንም ለተመራማሪም የሚታየው እርሱ ነው፤ ቃለ መጠይቁም የሚደረገው ከእርሱ ጋር ነው። ነገር ግን በስምንት ዓመቱ ደብዳቤውን ለእናቱ ያነበበው ልጅ ዛሬ ሰማንያውን ተሻግሯል፤ እርሱን የጠየቀ ሰው ጥቂት ነው። ቤት ውስጥ ስለ ሆነው ነገር የመጨረሻው ምስክር ዘማቹ ሳይሆን ይህ አንባቢ ነው። ዘማቹ ሲጽፍ እንጂ ሲነበብ አልነበረም።

ወረቀቱ ራሱ ለምን በጥቂቱ እንደ ተረፈ ማወቅም የቤተሰቡን ቃል ይጠይቃል። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የተሞከረውን መፈንቅለ መንግሥት የመራው የክቡር ዘበኛ አዛዥ ነበርና፣ የክቡር ዘበኛ ሰው መሆን ያን ጊዜ ጥርጣሬን የሚያስከትል ነገር ሆነ። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ከኮሚኒስት ጦር ጋር ተዋግቶ የንጉሠ ነገሥቱን መለዮ ለብሶ የተነሣ ፎቶግራፍ ግድግዳ ላይ መስቀል አደገኛ ሆነ፤ መንግሥት ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅነት ሲመሠርትም ዝምታው በረታ። ወረቀት ያቃጠለ ቤተሰብ አለ፤ የቀበረም አለ። ከእሳቱ የተረፈው ብዙ ጊዜ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የኮሪያ ሜዳልያ ነው። ይህ ሜዳልያ በልዩ ልዩ ቋንቋዎች ተቀርጾ ሲሰጥ ለኢትዮጵያውያን የተሠራው በአማርኛ ነበር። ሰማያዊና ነጭ ጥብጣብ ያለውና በፊደላችን የተጻፈበት ይህ ሜዳልያ ባለቤቱ ካልታወቀ የብረት ቁራጭ ነው፤ በቅርሳቅርስ ገበያ ዋጋ ያወጣ ይሆናል እንጂ ለታሪክ የሚናገረው ጥቂት ነው። በአንጻሩ «ደብዳቤዎቹን በእገሌ ዓመት እናቴ ምድጃ ውስጥ ጨመረቻቸው» የሚል የአንዲት ልጅ ምስክርነት፣ ከእርሱ ጋር የሚቀመጥ አንድም ወረቀት ባይኖር እንኳ፣ በቤተ መዛግብቱ የራሱ ቁጥር ሊሰጠው የሚገባ ሰነድ ነው። የታጣውን የማይመዘግብ ስብስብ የተረፈውን እንደ ሙሉ ያስመስለዋል።

በሌላ አገር የተሠራ ሥራ ለዚህ ጥሩ መነሻ ይሰጣል። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ በ2008 እ.ኤ.አ. በጥቂት ወራት ውስጥ በብሪታንያ በየቤተሰቡ ያሉ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ደብዳቤዎችንና ዕቃዎችን ሕዝቡ ራሱ እንዲያቀርብ ጋብዞ ከ6 ሺህ በላይ ሰነዶችን ሰበሰበ። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮም ይኸው አሠራር ዩሮፒያና በተባለው የአውሮፓ የዲጂታል ቅርስ ተቋም አማካይነት ወደ ጀርመንና ወደ ሌሎች አገሮች ተሻገረ። ሰዎች በቀጠሮ ቀን ያላቸውን ይዘው ወደ ቤተ መጻሕፍት ወይም አዳራሽ ይመጣሉ፤ ባለሙያ ወይም በጎ ፈቃደኛ ተቀምጦ ታሪኩን ይጠይቃቸዋል፤ ዕቃው ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ከዚያ ባለቤቱ ዕቃውን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሊወረስ የሚገባው ይህ የመጨረሻው ነጥብ ነው። ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ የአባቱን ደብዳቤ ለመንግሥት ተቋም አሳልፎ ስጥ ሲባል የሚያመነታው በጥላቻ ወይም ባለማወቅ አይደለም፤ የገባ ወረቀት ሲወጣ ስላላየ ነው። ዋናው ከቤት ሳይወጣ ቅጂውና ቃሉ ብቻ የሚወሰድ ከሆነ ንግግሩ ሌላ መልክ ይይዛል።

ቅጹ ግን እንዳለ ሊወሰድ አይችልም። ለአውሮፓ ሰነድ የተሰናዳ የሜታዳታ ቅጽ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ ኢትዮጵያዊው የቤተሰብ ስም የለውም። አንድ ዘማች በመዝገብ በስሙና በአባቱ ስም፣ በቤት በቁልምጫ፣ በቤተ ክርስቲያን በክርስትና ስም ይታወቃል፤ በደብዳቤው ግርጌም ከእነዚህ የትኛውንም ሊጽፍ ይችላል። ስሞቹ ሁሉ በአንድ ሰው ሥር ካልተያያዙ የተለያዩ ሰዎች ይሆናሉ፤ ለማያያዝ ደግሞ ከቤተሰቡ ሌላ ምንጭ የለም።

የዘመን አቆጣጠሩ ጉዳይ ይበልጥ አሳሳች ነው። «ሰኔ 12 ቀን 1943» የሚል ደብዳቤ ሲመዘገብ ቁጥሩ እንዳለ ወደ ቅጹ ከገባ፣ ሥርዓቱ ሰነዱን የኮሪያ ጦርነት ሊጀመር ሰባት ዓመት ሲቀረው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል ያስቀምጠዋል። ስሕተቱ ሳይታይ ይቆያል፤ ምክንያቱም 1943 የሚለው ቁጥር ለማንም እንግዳ አይመስልም። ስለዚህ ቀኑ እንደ ተጻፈው በአንድ መስክ፣ የተሰላው በሌላ መስክ፣ የተሰላበት ምክንያት በሦስተኛው መቀመጥ አለበት። ብዙ ደብዳቤም ዓመተ ምሕረት የለውም፤ «የሚካኤል ዕለት» ብሎ ያልፋል። እዚህ ላይ ፖስታው ይረዳል፤ ማኅተሙ ላይ ቀን ሊገኝ ይችላልና። ይሁን እንጂ ፖስታው ብዙ ጊዜ የሚጣለው እርሱ ነው።

ፊደሉም የራሱ ችግር አለው። በድምፅ አንድ የሆኑት ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ በደብዳቤ ውስጥ እንደ ጸሐፊው ልማድ ይለዋወጣሉ። «ኃይሉ» ብሎ የፈለገ «ሀይሉ»ን አያገኝም። መፍትሔው ደብዳቤውን ማረም አይደለም። የቄስ ትምህርት የቀሰመው ጸሐፊና ዘመናዊ ትምህርት ቤት የገባው ጸሐፊ የሚለዩበት አንዱ ምልክት ይኸው የፊደል አጠቃቀም ስለ ሆነ፣ ግልባጩ እንደ ተጻፈው ሊቀመጥ፣ ፊደላቱን አንድ የሚያደርገው ሥራ በመፈለጊያው ማውጫ ብቻ ሊሠራ ይገባል። በእጅ የተጻፈ አማርኛን በኮምፒዩተር ማንበብ ገና አስተማማኝ ስላልሆነም ግልባጩ በሰው እጅ መሠራቱ አይቀርም።

ስለ መሣሪያው ጥቂት ቃል ይበቃል። ዋናው ምስል ባልታመቀ ቅርጽ፣ የሚዘዋወረው ቅጂ በታመቀ ቅርጽ ይያዝ፤ ሦስት ቅጂ ይኑር፤ አንዱ በሌላ ከተማ ይሁን። ለቤተሰቡ ከሁሉ በፊት የሚነገረው ግን ደብዳቤውንና ፎቶግራፉን ለጥበቃ ብሎ በፕላስቲክ እንዳያስለብጥ ነው፤ ሙቀቱ ወረቀቱን ይጎዳል፤ የተለበጠውም ሳይበላሽ አይለቅም።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የመግለጥና የመዝጋት ጥያቄ ነው። ዲጂታል ማድረግና ለሕዝብ መልቀቅ አንድ ነገር ተደርጎ ይታያል፤ ሁለቱ ግን ተለይተው ሊወሰኑ ይገባል። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የአንድ ጽሑፍ የኢኮኖሚ መብት ጸሐፊው ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል፤ ወረቀቱን የያዘው ተቀባይ ደግሞ የመብቱ ባለቤት አይደለም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ሊታሰብ ይገባል፤ በደብዳቤ ውስጥ ስማቸው የተነሣ ሰዎች በሕይወት ይኖራሉና። በኮሪያው ዘመቻ ይህ ችግር ቀለል ይላል፤ ጠላቱ ሩቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባሉት ጦርነቶች ግን ደብዳቤው ውስጥ ጠላት ተብሎ የተጠራው ጎረቤት ወይም አማች ሊሆን ይችላል። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ከተካሄደው የኢትዮጵያና ኤርትራ ጦርነት በኋላ ስልክና ፖስታ ለሁለት ዐሥርት ዓመታት ገደማ ተቋርጦ፣ የተለያዩ ቤተሰቦች በቀይ መስቀል መልእክት ይጻጻፉ ነበር። መልእክቱ ሳይታሸግ የሚላክና የቤተሰብ ወሬ ብቻ የሚጻፍበት በመሆኑ ሰው የሚናገረውን መጥኖ ይናገር ነበር፤ ያልተባለውን ሊያስረዳ የሚችለው ጸሐፊው ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ሰነድ ዛሬ መሰብሰብ፣ ለሠላሳ ወይም ለአርባ ዓመት ዘግቶ ማኖርም ይቻላል። የተዘጋ ሰነድ ጊዜው ሲደርስ ይከፈታል፤ ያልተሰበሰበ ግን አይገኝም።

ቀዳሚው ሥራ ዋናውን ወረቀት ወደ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ማስገባት ነው የሚል ተቃውሞ ይቀርባል። ወረቀት በቤት ውስጥ ለእሳት፣ ለውኃና ለአይጥ የተጋለጠ መሆኑ እውነት ነው። በአዲስ አበባ ሰፈር ሲፈርስና ቤተሰብ ወደ ጋራ መኖሪያ ቤት ሲዛወር በመጀመሪያ የሚጣለው የአሮጌ ሣጥን ውስጥ ወረቀት መሆኑም እውነት ነው። ነገር ግን ይህ ተቃውሞ ሥራውን ያዘገየዋል እንጂ አያፋጥነውም፤ ቤተሰቡን አሳምኖ ወረቀቱን እስኪያስገባ ድረስ አንባቢው ልጅ ያልፋል። ከዚህም በላይ የአንድ ዘማች ወረቀት ዛሬ በአንድ ቤት አይደለም፤ ደብዳቤው አዲስ አበባ፣ ፎቶግራፉ ዋሽንግተን፣ ሜዳልያው በሌላ ልጅ እጅ ሊሆን ይችላል። እነዚህን ያለ ጠብ የሚያገናኛቸው ቅጂ ብቻ ነው።

ዩኒቨርሲቲዎች ለዚህ ሥራ አዲስ ተቋም እስኪመሠረት መጠበቅ የለባቸውም። በታሪክ፣ በፎክሎርና በሥነ ሰብእ የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዎች በየዓመቱ ወደ ሽማግሌዎች ቤት ይገባሉ፤ ቃል ይቀዳሉ፤ የሚያሳዩአቸውን ወረቀት በስልካቸው ያነሣሉ። ጥናቱ ሲጠናቀቅ የጽሑፉ ቅጂ ወደ ቤተ መጻሕፍት ይገባል፤ የድምፅ ቅጂውና ምስሎቹ በተማሪው ስልክ ይቀራሉ፤ ስልኩም ይጠፋል ወይም ይሸጣል። በግርጌ ማስታወሻ ላይ «ከእገሌ ጋር የተደረገ ቃለ መጠይቅ» የሚለው መስመር ከዚያ በኋላ ማንም ሊያጣራው የማይችል ምንጭ ይሆናል። የፈቃድ ቅጹ፣ ድምፁና ምስሉ ከጥናቱ ጋር አብረው እንዲገቡ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ክፍሎች ቢደነግጉ የሚጠይቀው ወጪ የማከማቻ ዋጋና የአንድ መዝጋቢ ደመወዝ ነው። እስከዚያውም ፈታኞች በመመረቂያ ጽሑፍ መከላከያ ዕለት ድምፁና ምስሎቹ የት እንዳሉ ተማሪውን ሊጠይቁት ይችላሉ።