የተከራይ ውሃ በቆጣሪ ይለካ እንጂ በሰው ቁጥር አይከፈል

ባለፈው ከሞያሌ ስመለስ ቤት ውስጥ ኩርፊያ ጠበቀኝ። ሃያ ቀን ያህል ሄጄ ነበር። ባለቤቴ ገና ሻንጣዬን ሳላወርድ የነገረችኝ ስለ ውሃ ነው። እናቷ ለሕክምና ከገጠር መጥተው እኛ ዘንድ ሰንብተዋል። አከራያችን ደግሞ የውሃ ሂሳብ የሚያካፍሉት በሰው ቁጥር ነው። የወሩ ሂሳብ ሲመጣ የእኛን ቤት ስድስት ሰው ብለው ቆጠሩ፦ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሦስት ልጆቻችንና አማቴ። እኔ የወሩን አብዛኛውን ቀን የታጠብኩት በሞያሌ ውሃ ነው። አማቴ ነገሩን ሲሰሙ "በእኔ ምክንያት ከሰው አትጣሉ" ብለው ከሐኪም ቀጠሯቸው በፊት ሊሄዱ ተነሥተው በስንት ልመና ቀሩ።

መቼም ሰው በእናቱ ሲመጡበት ይቆጣል። እኔም ተቆጥቼ እትዬ ዘንድ ሄድኩ። እሳቸው ግን "ልጄ፣ እስቲ አንተው ደምረው" ብለው የሂሳቡን ወረቀት ሰጡኝ። ደመርኩት። ከእኛ ከአራቱ ተከራዮች የሰበሰቡት ከከፈሉት ያንስ ነበር። ጉድለቱን ከኪሳቸው ሞልተዋል። ታዲያ እኛም ተበደልን እንላለን፣ እሳቸውም ተበደልኩ ይላሉ። ገንዘቡ የት ሄደ?

መልሱ ያለው በታሪፉ አሠራር ውስጥ ነው። አዲስ አበባ ላይ የመኖሪያ ቤት ውሃ ዋጋው አንድ ወጥ አይደለም። በእርከን ነው። ጥቂት የተጠቀመ በትንሹ ዋጋ ይከፍላል፤ ፍጆታው ከፍ ባለ ቁጥር ለጨመረው ውሃ የሚከፈለው ዋጋም ከፍ ይላል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ድሃው ለመጠጥና ለማብሰያ የሚሆነውን በርካሽ ያግኝ፣ መኪና የሚያጥበውና አትክልት የሚያጠጣው ይበልጥ ይክፈል ነው። ችግሩ ግን ቆጣሪው የሚያውቀው ግቢውን እንጂ በግቢው ውስጥ ስንት ጉልቻ እንዳለ አለመሆኑ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ላስረዳ። ዋጋዎቹ ለስሌት እንዲመቹ የወሰድኳቸው ናቸው እንጂ የባለሥልጣኑ ታሪፍ አይደሉም። የመጀመሪያው 5 ሜትር ኪዩብ በ10 ብር፣ ቀጣዩ 10 ሜትር ኪዩብ በ20 ብር፣ ከዚያ በላይ ያለው በ30 ብር ነው እንበል። አንድ ሜትር ኪዩብ 1000 ሊትር ነው፤ በባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን 50 ጀሪካን ይሆናል። በወር 5 ሜትር ኪዩብ የሚጠቀም ቤተሰብ በቀን ስምንት ጀሪካን ገደማ ፈጀ ማለት ነው። ብኩን አይባልም። ይህ ቤተሰብ የራሱ ቆጣሪ ቢኖረው 50 ብር ይከፍላል። አራት እንደዚህ ያሉ ቤተሰቦች በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀሙ ግን ድምሩ 20 ሜትር ኪዩብ ይሆናል። የመጀመሪያው 5 በ50 ብር፣ ቀጣዩ 10 በ200 ብር፣ የቀረው 5 በ150 ብር፤ ጠቅላላ 400 ብር። ለአራት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 100 ብር። ያው ውሃ፣ ያው አጠቃቀም፣ ዋጋው ግን እጥፍ። ለድሃው ታስቦ የወጣው ርካሽ እርከን ግቢ ተጋርቶ ለሚኖረው ድሃ ሳይደርስ ቀረ።

እንግዲህ አከራይና ተከራይ የሚጣሉት አንዳቸውም ባልፈጠሩት ነገር ነው። በሰው ቁጥር ማካፈሉ ደግሞ ጠቡን ያባብሰዋል። ልጅ መውለድ፣ እንግዳ መቀበል፣ የታመመ ዘመድ ማስተኛት ሁሉ የጎረቤት ዓይን ያስገባል። በሌላ በኩል ቧንቧውን ከፍቶ ልብስ የሚያለቀልቀው ላጤ አንድ ሰው ተብሎ ይከፍላል። እኛ የድንበር ነጋዴዎች ደግሞ ግማሹን ዓመት መንገድ ላይ ሆነን ሙሉውን ዓመት እንቆጠራለን።

ኢስሊ ያላችሁ ወገኖቻችን "እኛ ዘንድ ይህ የለም" ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ናይሮቢ በብዙ ፎቆች ላይ ለየበሩ ትንሽ ቆጣሪ አለ፤ ወር ሲያልቅ ተነቦ ከቤት ኪራዩ ጋር ይከፈላል። ነገር ግን እዚያም ሌላ ጣጣ አለ። የአንዱን ዩኒት ዋጋ የሚናገረው አከራዩ ነው። ውሃው ከከተማው መስመር ይምጣ፣ ከግቢው ጉድጓድ ይምጣ፣ በቦቴ ይገዛ፣ ተከራዩ የሚያየው ቁጥሩን ብቻ ነው። ስለዚህ ቆጣሪ ብቻውን ፍርድ አይሆንም። ልኩም ዋጋውም በሁለቱም ወገን ፊት መታየት አለበት።

ሞያሌ ላይ ውሃ በጀሪካን የገዛ ሰው ይህን ያውቀዋል። ውሃው ውድ ነው፣ ግን ስንት ጀሪካን በስንት እንደገዛህ ታያለህ። ተወደደብኝ ትላለህ እንጂ ተሰረቅሁ አትልም።

እኔ መደረግ አለበት የምለው ይህ ነው። አንደኛ፣ ከሮቶው ወደየቤቱ በሚሄደው መስመር ላይ ለየቤቱ ትንሽ ቆጣሪ ይግባ። ወጪው የአከራዩ ቢሆን ትክክል ነው፤ ተከራይ ይሄዳል፣ ቆጣሪው ከቤቱ ጋር ይቀራል። አከራዩ አቅም ካጠረው ተከራዩ ገዝቶ ከኪራይ ላይ ይቀነስለት። ሁለተኛ፣ በወር አንድ ቀን ዋናውም ትንንሾቹም ቆጣሪዎች ሁሉም ባለበት ይነበቡ፤ በስልክ ፎቶ ይነሡ። ሦስተኛ፣ የሂሳቡ ወረቀት ለሁሉም ይታይ፤ ጠቅላላው ብር ለጠቅላላው ንባብ ተካፍሎ በየቤቱ ንባብ ይባዛ። አከራይ በውሃ አያትርፍ፣ አይክሰርም።

ዋናው ቆጣሪና የትንንሾቹ ድምር አይገጥምም፤ ይህን አስቀድሞ ማወቅ ጥሩ ነው። ጠብ ጠብ የሚል ውሃ ትንሹ ቆጣሪ ላያነበው ይችላል። የጋራ ቧንቧና የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽም አለ። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ሁሉም ይካፈለው። ትልቅ ከሆነ ግን ቧንቧው ሁሉ ተዘግቶ፣ ሮቶውም ሞልቶ ዋናው ቆጣሪ ይታይ። ላዩ ላይ ያለችው ትንሿ ኮከብ ከዞረች መሬት ውስጥ የሚፈስ ውሃ አለ ማለት ነው። የእሱ ጥገናም ኪሳራም የባለቤቱ እንጂ የተከራዩ ሊሆን አይገባም።

አከራዮችም የሚሉት አላቸው፤ መስማት አለብን። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ሌሊት ተነሥተው ሮቶ የሚሞሉት እሳቸው ናቸው። ፓምፕ መብራት ይበላል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። እንግዲያው የፓምፑ መብራት "የፓምፕ" ተብሎ ለብቻው ይጻፍ፤ በውሃ ስም አይደበቅ።

ይህ ሁሉ ደግሞ በቃል አይቅር። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። ለሁለት ዓመት ስትፈርሙ ስለ ኪራዩ ብቻ አትፈርሙ። ውሃ በምን እንደሚለካ፣ ማን እንደሚያነብ፣ ፍሳሽ የማን እንደሆነ ሦስት መስመር አስገቡ። የገባችሁበትን ቀን ንባብም ጻፉ።

ለከተሞቻችን የውሃ መሥሪያ ቤቶችም አንድ ቃል አለኝ። በአንድ ቆጣሪ ስር አራት አባወራ ካለና ይህም በተመዘገበ ውል ከታየ፣ ርካሹ እርከን በአራት ይባዛለት። ድሃውን ለመርዳት ያወጣችሁት ዋጋ ድሃው ዘንድ የሚደርሰው ያን ጊዜ ነው።

እኛ የሚዛን ሰዎች ነን። ቦሎቄ በዓይን ግምት የሚገዛ ነጋዴ አላየሁም፤ ሚዛኑን ራሱ ካላየ እጁን ኪሱ አይከትም። ከእትዬ ጋር ተነጋግረን አራቱን ቆጣሪዎች ልናስገባ ተስማምተናል፤ ግማሹን እሳቸው ከፍለው፣ ግማሹ ከኪራያችን እየተቀነሰ። አማቴም ቀጠሯቸውን ጨርሰው ሄደዋል። በሚቀጥለው ሲመጡ ቤታችን ውስጥ የሚቆጠረው ውሃው ብቻ ይሆናል።