ራምቦ ቤት የማን ነው?

ዛሬ በአስተያየት አምዳችን ስለ ራምቦ ቤት የሚሰማኝን ልጽፍላችሁ ነው።

ሐረር ውስጥ ይህን ቤት የማያውቅ ልጅ የለም። ጁገል ውስጥ ቱሪስት ስናይ «ራምቦ ሃውስ! ራምቦ ሃውስ!» እያልን እንከተላለን። አንዳንዱ ልጅ ግን ራምቦ ሲባል የፊልሙ ተዋጊ ይመስለዋል። አይደለም! አርተር ራምቦ ፈረንሳዊ ገጣሚ ነው። ግጥም መጻፍ ያቆመው ገና በወጣትነቱ ነው። ከዚያ በኋላ ነጋዴ ሆኖ በ1873 ዓ.ም. ሐረር መጣ። ያን ጊዜ ከተማችንን የያዟት ግብፆች ነበሩ። እዚህ ቡናና ቆዳ ነገደ፣ ለምኒልክም ጠመንጃ ሸጠ። በመጨረሻ ጉልበቱን ታሞ፣ በቃሬዛ ተሸክመውት ወደ ዘይላ ወረደ። አገሩ ገብቶ እግሩ ተቆረጠ፣ በ1884 ዓ.ም. በ37 ዓመቱ ሞተ።

አሁን ወደ ቤቱ እንምጣ። ይሄ ቤት የተሠራው ራምቦ ከሞተ በኋላ ነው። ያሠራውም ህንዳዊ ነጋዴ ነው። ቤቱን ብታዩት እኮ ራሱ ይናገራል። እንደ ሐረሪ ቤት ነደባ የለውም። ፎቅ ነው፣ እንጨቱ የተቀረጸ ነው፣ ጣሪያው ላይ ሥዕል አለ፣ የመስኮቱ መስታወትም ባለ ቀለም ነው። ታዲያ ራምቦ ከየት መጣ? በፊት እዚያው ቦታ ላይ ሌላ ቤት ነበር፣ ራምቦ የኖረው በዚያ ነው ይባላል።

አጠገቡ ያለው የራስ ተፈሪ ቤትም እንደዚሁ ነው። እሱንም ያሠራው ህንዳዊ ነጋዴ ነው። ተፈሪ ከወይዘሮ መነን ጋር የጫጉላ ጊዜያቸውን እዚያ አሳለፉ ስለሚባል በእሳቸው ስም ይጠራል። ሁለቱም ቤቶች የያዙት የእንግዳውን ስም ነው። ያሠራቸውን ሰውና እንጨቱን የጠረበውን አናጢ ግን ማንም አይጠይቅም። ይሄ ያሳዝናል።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ተይው፣ እውነቱ ከተነገረ ቱሪስት አይመጣም» ይሉኛል። እኔ ግን አልስማማም። ስሙ ይቀየር አላልኩም። ራምቦን ብሎ ከሩቅ አገር የሚመጣ ሰው ታሪኩን አንብቦ ነው የሚመጣው፣ መቼ እንደሞተም ያውቃል። እኛ «እዚህ ክፍል ነበር የሚተኛው» ስንለው በሆዱ ይስቃል። ከዚያ በኋላ የጁገልን ግንብ ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው ብለን እውነቱን ብንነግረውም ላያምነን ይችላል። ጁገል እኮ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆና የተመዘገበች ናት። እውነተኛው ታሪኳ ራሱ ይበቃታል፣ የውሸት ጭማሪ አያስፈልጋትም።

ተረቱም ቢሆን መጣል የለበትም። ተረት ነው ተብሎ ከተነገረ ያምራል። «ይባላል» የምትል አንዲት ቃል ብንጨምር ምን ይጎዳናል?

ስለዚህ የታሪክ ክበባችንን አንድ ነገር እጠይቃለሁ። እያንዳንዳችን በሰፈራችን አንድ የቆየ ቤት እንምረጥ። ማን አሠራው? ማን ኖረበት? ብለን አያቶቻችንንና ጎረቤቶቻችንን እንጠይቅ። ከዚያ ደብተራችንን ለሁለት ከፍለን በአንድ በኩል «የሚታወቀው»፣ በሌላው በኩል «የሚባለው» ብለን እንጻፍ። አዛውንቶቹ በሕይወት እያሉ ካልጠየቅን በኋላ ማንን እንጠይቃለን?

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

ከ7ኛ ክፍል ሚኒ ሚዲያ አባል