ጀግና መባል

ክሊንት ኢስትውድ በ1999 ዓ.ም. ያወጣውን የጦርነት ሲኒማ አይተን አሳሰበን። በኢዎ ጂማ ባንዲራ ተከሉ የተባሉትን ወታደሮች መንግሥታቸው ለጦርነቱ ገንዘብ ማሰባሰቢያ ከከተማ ወደ ከተማ አዞራቸው፤ ከነርሱም አንዱ አይራ ሄይዝ በመጠጥ ተጎድቶ በ32 ዓመቱ ሞተ።

በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ የዘመተው የኛው የቃኘው ሻለቃም አንድ ምርኮኛ ለጠላት አልተወም ተብሎ ተመሰገነ። ነገር ግን ከ120 የሚበልጡ ወገኖች ወድቀዋልና፥ ምስጋናው ለተረፈው ሰው እንዴት አይከብድ? ከ1966 ዓ.ም. በኋላማ መንግሥቱ የሰሜን ኮርያ ወዳጅ ሲሆን ኒሻናቸውን ደብቀው የኖሩ ነበሩ።

በደሴም በኮምቦልቻም ዘማች በቤትዎ ያለ እመቤት ሆይ፥ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ጀብዱዎን ያውሩላቸው» አይበሏቸው። እርሳቸው ራሳቸው የጀመሩ ቀን ግን ሥራዎን አቁመው ይስሟቸው።