«መኪናህ ዘይት ይበላል» ሲሉን ከመክፈል በፊት እንለካ



መኪናውን ይዞ ወደ ሙሳኽ የሄደ ሰው «ኦኼል ሸሜን» የሚለውን ቃል ሳይሰማ አይቀርም። መኪናው የሞተር ዘይት ይበላል ማለት ነው። አንዳንድ ጊዜ ወዲያው «ሞተሩ መከፈት አለበት» የሚል ፍርድ ይከተለዋል። ይህ ብዙ ሺህ ሸቀል የሚያስወጣ ሥራ ነው፤ በጡረታ ገንዘብ ለሚኖር ሰው ደግሞ ከባድ ሸክም ነው። ስለዚህ ፍርዱን ከመቀበል በፊት ማስረጃው መታየት አለበት።

ችግሩ የአሮጌ መኪና ብቻ አይደለም። ፋብሪካዎች ቤንዚን ለመቆጠብ ሲሉ የፒስተን ፋሻዎችን አላሉ፣ ዘይቱን አቀጠኑ፣ በብዙ መኪናዎች የሰርቪሱን ጊዜም እስከ 15,000 ኪሎ ሜትር አራዘሙ። በዚህም ምክንያት በአንዳንድ ሞተሮች ዘይቱ በፋሻው እያለፈ ከቤንዚኑ ጋር ይቃጠላል። በአሜሪካ ቶዮታ 2.4 ሊትር ሞተር ላላቸው አንዳንድ ካምሪና ራቭ4 መኪናዎች ከ2015 ጀምሮ ተጨማሪ ዋስትና ሰጥቷል። ነገር ግን ባለቤቱ ስላማረረ ብቻ አልጠገነም፤ መጀመሪያ ለካ። መስፈርቱ በ1,900 ኪሎ ሜትር ገደማ አንድ ሊትር የሚጠጋ ዘይት መጉደሉ ነበር።

እኛም እንደዚሁ እንለካ። መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁማችሁ ሞተሩን አጥፉ፤ አሥር ደቂቃ ያህል ጠብቁ። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥታችሁ በጨርቅ ጥረጉት፣ መልሳችሁ ክተቱትና እንደገና አውጥታችሁ እዩ። በብዙ መኪኖች በታችኛውና በላይኛው ምልክት መካከል ያለው አንድ ሊትር ያህል ነው። የኪሎ ሜትሩን ቁጥርና የጨመራችሁትን ዘይት በደብተር ጻፉ። በ1,000 ኪሎ ሜትር ስንት እንደጎደለ ካወቃችሁ በኋላ ከመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ጋር አስተያዩት፤ እስከ ግማሽ ሊትር የሚፈቅዱ ፋብሪካዎች አሉ። ዘይት ስትጨምሩም ከላይኛው ምልክት አታሳልፉ፤ ሲበዛም ሞተሩን ይጎዳል።

ቀጥሎ ምልክቶቹን እዩ። መኪናው በቆመበት መሬት ላይ የዘይት ጠብታ ካለ ዘይቱ እየፈሰሰ ነው። ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ወጥቶ ከጠፋ፣ የቫልቭ ጎማዎቹ ሳይደርቁ አልቀሩም። ነዳጅ ስትሰጡ ጭሱ የሚበዛ ከሆነ ፋሻዎቹን መጠርጠር ይቻላል። በዘይት መክደኛው ሥር ወተት የመሰለ ነገር በብዛት ካያችሁና የራዲያተሩም ውሃ የሚጎድል ከሆነ፣ ውሃ ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ ሊሆን ስለሚችል ሳትዘገዩ አስመርምሩ።

ጥገናውም ከርካሹ ይጀመር። የሞተሩን የውስጥ ትንፋሽ የምታስተላልፍ አንዲት ትንሽ ቫልቭ አለች፤ እሷ ስትደፈን ሞተሩ ዘይት ይስባል። እሷን መቀየር በአብዛኞቹ መኪኖች ትንሽ ወጪ ነው። ከዚያ የሚያፈሱ ጎማዎች፣ ከዚያ የቫልቭ ጎማዎች ይታያሉ። ሞተር የሚከፈተው የሲሊንደሮቹ ግፊት ተለክቶ ፋሻው ማለቁ ሲረጋገጥ ነው።

ፈቃድ ወዳለው ሙሳኽ ደብተራችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ዕብራይስጡ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ልጃችሁን ወይም ጎረቤታችሁን አስከትሉ። የምርመራው ውጤትና ዋጋው በጽሑፍ ሳይሰጣችሁ አትፈርሙ። ዋጋው ከከበደባችሁ ሌላ ሙሳኽም ጠይቁ፤ ሁለተኛ ሐሳብ መስማት ነውር አይደለም።

አንድ ነገር ግን ቀጠሮ አይሰጥም። እየነዳችሁ የዘይቱ ቀይ መብራት ከበራ፣ አደጋ የማያመጣ ቦታ እንዳገኛችሁ ቆማችሁ ሞተሩን አጥፉ። መብራቱ የሚበራው የዘይቱ ግፊት ከወደቀ በኋላ ስለሆነ «ቤት እስክደርስ» ማለት ሞተሩን ሊያነክሰው ይችላል። መብራቱን ሳትጠብቁ በወር ሁለት ጊዜ ዘንጉን ማየት ምንም አያስከፍልም። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህም ይሠራል።