ጋምቤላን የመለሰች ትንሽ ሐረግ



ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይላሉ አበው። ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ላይ ላዩን ሲያዩት የመምህራን የግል ጉዳይ ይመስላል፤ ሥሩ ግን ከዚያ ይጠልቃል።

በቅርቡ ወደ ጋምቤላ ከተማ ተጉዤ ሳለ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የታሪክ ክፍለ ጊዜ የመከታተል ዕድል ገጠመኝ። መምህሩ ትጉህ ወጣት ናቸው። በግድግዳው ላይ በቀለማት ያሸበረቀ ትልቅ ወረቀት ሰቅለዋል፤ «ዎርድ ክላውድ»፣ በእኛ አባባል የቃላት ደመና መሆኑ ነው። ኮምፒዩተሩ የአንድን ጽሑፍ ቃላት ይቆጥርና የተደጋገመውን አግዝፎ፣ ያልተደጋገመውን አሳንሶ ይበትናቸዋል። በዚያ ዕለት የተበተነው ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት ወኪል ሃሪንግተን በግንቦት 1894 ዓ.ም. (በ1902 እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ላይ የተፈራረሙት የድንበር ውል ነበር፤ ያውም እንግሊዝኛው ቅጂ።

«ሱዳን»፣ «መንግሥት»፣ «ግርማዊ»፣ «ኢትዮጵያ» ገዝፈው ይታያሉ። ተማሪዎቹ ውሉ ስለ ምን እንደሆነ ሲጠየቁ «ስለ ኢትዮጵያና ስለ ሱዳን መንግሥት» ብለው መለሱ። መምህሩም ረክተው አለፉ። ይህን ለማወቅማ የውሉን ርእስ ማንበብ ይበቃ አልነበረም?

የውሉን አራተኛ አንቀጽ እንመልከት። ምኒልክ በባሮ ወንዝ ላይ በኢታንግ አካባቢ ለሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት ለማከራየት ተስማሙ፤ የወንዙ ዳር ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ጣቢያው በኋላ የተተከለው ጋምቤላ ላይ ነው። ክረምት ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም እየመጡ የምዕራብ ኢትዮጵያን ቡና ይጭኑ ነበር። ያ ክፍል ውስጥ የተቀመጡት ልጆች ከተማ የተወለደችው ከዚህ አንቀጽ ነው ማለት ይቻላል።

ታዲያ መሬቱ የተሰጠው እስከ መቼ ነበር? ውሉ ይመልሳል፦ ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ መንግሥት ሥር እስካለች ድረስ። እ.ኤ.አ. በ1956 ሱዳን ነፃ ስትወጣ ይህ ሁኔታ አበቃ፤ በዚያው ዓመት ጋምቤላ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰች። ከተማዪቱን የመለሰቻት «እስካለች ድረስ» የምትል ትንሽ ሐረግ ናት! በደመናው ላይ ፈለግኋት፤ የለችም። ልትኖርም አትችልም። የእነዚህ ፕሮግራሞች አሠራር «አይደለም»፣ «ካልሆነ በቀር»፣ «እስከ» የሚሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት እንደ ገለባ አበጥሮ መጣል ነውና። በውል ውስጥ ግን ፍሬው ያለው በእነዚሁ ነው።

ሦስተኛው አንቀጽም እንዲሁ ነው። ምኒልክ በዓባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ ውኃው ወደ ናይል እንዳይፈስ የሚያቆም ሥራ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥታት ጋር ካልተስማሙ በቀር ላለመሥራት ቃል ገቡ። ባሮ የሶባት ገባር ነውና ነገሩ ጋምቤላንም ይነካል። ግብፅ በሕዳሴው ግድብ ክርክር ይህን ውል ስትጠቅስ ኖራለች፤ የእኛ ተከራካሪዎች ደግሞ ማቆም ሌላ፣ መጠቀም ሌላ ነው ሲሉ ይመልሳሉ። ክርክሩ በሙሉ የተንጠለጠለው አንድ ግሥና አንድ «በቀር» ላይ ነው። ደመናው ግን «ናይል»ን አግዝፎ ክርክሩን ይሰውረዋል።

«እንግዲያው አማርኛውን ቅጂ እንበትነው» የሚል ይኖር ይሆናል። ችግሩ በአማርኛ ይብሳል። «ሱዳን»፣ «የሱዳን»፣ «ለሱዳን»፣ «ከሱዳንም» ለማሽኑ አራት ቃላት ናቸው፤ «ንጉሥ» እና «ንጉስ» ደግሞ ሁለት ነገሥታት። ቅጥያውን ቆርጠን ሥሩን ብቻ እንቁጠር ብንል «ይሠራል» እና «አይሠራም» አንድ ይሆኑብናል። ቃል መግባትና መካድ የማይለዩበት የታሪክ ትምህርት ምን ዓይነት ነው?

ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። የውሉ የመጀመሪያ አንቀጽ ድንበሩን በካርታ ላይ በቀይ መስመር አስምሮ በባሮ፣ በፒቦርና በአኮቦ ወንዞች በኩል ያሳልፈዋል። አኙዋም ሆነ ኑዌር ዛሬ ከመስመሩ ወዲህና ወዲያ የሚኖሩ ሕዝቦች ናቸው። በውሉ ውስጥ ግን የአንዳቸውም ስም የለም። ወንዙ ተጠራ፤ ከወንዙ የሚጠጣው ሰው ሳይጠራ ቀረ። በጋምቤላ «ማን የዚህ ነው፣ ማን ከማዶ መጣ?» የሚለው ጥያቄ ዛሬም ደም ያፋስሳል። ልጆቹ ከዚህ ሰነድ ሊማሩት የሚገባው ትልቁ ነገር ይህ ዝምታ ነው። የቃላት ደመና ግን የተጻፈውን ይቆጥራል እንጂ የተዘለለውን አያሳይም።

ለመምህሩ ሚዛናዊ መሆን ይገባኛል። መጽሐፍ ለብዙ ተማሪ አንድ በሚደርስበት ክፍል ዓይን የሚስብ ወረቀት መስቀላቸው የሚያስመሰግን ትጋት ነው። ለመንደርደሪያ ያህል ቢሆን አልቃወምም። መንደርደሪያው መድረሻ ሲሆን ግን ጉም መዝገን ይሆናል።

ልማዱ ደግሞ ከክፍል አይጀምርም፤ ከእኛ ከተማርነው ነው የተቀዳው። ስለ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 39 የሚደረገውን ክርክር አስታውሱ። ሁላችንም «መገንጠል» የምትለውን ቃል አግዝፈን እንጯጯሃለን፤ በንዑስ አንቀጽ 4 ስለተደነገገው የሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ስለሚካሄደው ሕዝበ ውሳኔና ስለ ሀብት ክፍፍል አንብቦ የሚከራከር ስንቱ ነው? ፖለቲካችን ራሱ የቃላት ደመና ሆኗል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ከውሉ አንዱን አንቀጽ በጠመኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ መጻፍ ይበቃል። ተማሪዎቹ «ካልሆነ በቀር» እና «እስከ» በሚሉት ሥር ያስምሩ፤ ማን እንደሚናገር፣ ማን እንዳልተጠየቀ ይጠይቁ፤ ከዚያም ወደ ቤታቸው ሄደው አያቶቻቸውን ስለዚያ ቀይ መስመር ይጠይቁ። መብራት ቢጠፋም የማይቋረጥ ትምህርት ይህ ነው።

ነገ ውል የሚፈርሙልን እነዚህ ልጆች ናቸው። ትልልቁን ቃል ብቻ እያዩ እንዲፈርሙ አናስተምራቸው።